ሰብኔት መለየት ብቻውን አጥር አይሆንም፦ የምላሽ ጽሑፍ

በክላውድ ላይ ሰርቨሮችን በሰብኔት (በአንድ ኔትወርክ ውስጥ በተለየ የአድራሻ ክልል) ከፋፍሎ ስለ መጠበቅ የቀረበ አንድ ጽሑፍ በሥራው ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ እየተዘዋወረ ነው። ጽሑፉ በአጭሩ ስድስት ነገር ይላል። ሎድ ባላንሰሩን (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን)፣ አፕሊኬሽኑንና ዳታቤዙን በየራሳቸው ሰብኔት ከለያችሁ እርስ በርስ አይተያዩም፤ በየሰብኔቱ ኔትወርክ ኤሲኤል (በሰብኔቱ ድንበር ላይ የሚቆም የፈቃድና የክልከላ ዝርዝር) ካቆማችሁ ሴኩሪቲ ግሩፕ (በየሰርቨሩ ላይ የሚለጠፍ የፈቃድ ዝርዝር) ድርብ ሥራ ነው፤ ደንቦቹን በሰብኔት አድራሻ መጻፍ ይበቃል፤ የሚወጣውን ትራፊክ መገደብ ትርፉ ድካም ነው፤ አልገናኝ ያለ ነገር ካለ ለጊዜው ሁሉንም ከፍቶ መሞከር ነው፤ ይህ አሠራር ደግሞ በየትኛውም ክላውድ ላይ ያው ነው።

ጸሐፊው ለጀማሪ እንዲቀልል አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። ዳታቤዝ ወደ ኢንተርኔት መንገድ በሌለው ሰብኔት ውስጥ ይቀመጥ ማለታቸውም ትክክል ነው። የቀረው ግን እንዳለ ሥራ ላይ ከዋለ፣ የተጠበቀ የሚመስል ግን ያልተጠበቀ ኔትወርክ ይዞ መቀመጥን ያስከትላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። ጽሑፉ የኤደብሊውኤስን (የአማዞንን ክላውድ) ቃላት ስለሚጠቀም እኛም በዚያው እንሄዳለን፤ የማይክሮሶፍቱ አዙርና ጉግል ክላውድ በስድስተኛው ነጥብ ላይ ይመጣሉ። ለምሳሌ የምንይዘው ቪፒሲ (በክላውዱ ውስጥ ያለ የራሳችን ኔትወርክ) 10.0.0.0/16 ነው፦ ሎድ ባላንሰሩ በ10.0.1.0/24፣ አፕሊኬሽኑ በ10.0.11.0/24፣ ዳታቤዙ በ10.0.21.0/24። አፕሊኬሽኑ በፖርት 8080፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ በ5432 ያዳምጣሉ።

«ሰብኔት ከለያችሁ አይተያዩም»

ይተያያሉ። በቪፒሲ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ራውት ቴብል (ፓኬት በየት እንደሚሄድ የሚወስን ዝርዝር) የቪፒሲውን ሙሉ አድራሻ «ሎካል» ብሎ ይዞ ይወለዳል፤ ይህን መስመር መሰረዝ አይቻልም። ከ10.0.1.0/24 የተነሣ ፓኬት ወደ 10.0.21.0/24 የሚሄድበት መንገድ ሁልጊዜ አለ ማለት ነው። ሰብኔትን «ፕራይቬት» የሚያሰኘው ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ የሚወስድ መስመር ስለሌለው ብቻ ነው፤ ከጎረቤቶቹ አይሸሽገውም። ከቪፒሲው ጋር አብሮ የሚፈጠረው ነባሪ ኔትወርክ ኤሲኤልም በሁለቱም አቅጣጫ ሁሉን ያሳልፋል። ሰብኔት ከፋፍሎ ሌላ ምንም ያልጨመረ ሰው በመሃል ያቆመው ነገር የለም።

ግምቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። በራስ ዳታ ሴንተር ውስጥ አንዱ ቪላን (በስዊች ላይ የተከፈለ ኔትወርክ) ከሌላው ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ በፋየርዎል በኩል ስለነበረ፣ ቪላን መለየትና ፋየርዎል ማስገባት አንድ ነገር ሆኖ ተለመደ። በክላውድ ላይ ራውተሩ በኔትወርኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ፋየርዎሉ በራሱ መሃል አይገባም።

ፋየርዎል መሃል ማስገባት ራሱ ግን ይቻላል። ከ2021 ወዲህ ኤደብሊውኤስ ከ«ሎካል» ይልቅ ጠበብ ያለ መስመር ራውት ቴብል ላይ መጻፍ ስለፈቀደ፣ ከአፕሊኬሽን ሰብኔት ወደ 10.0.21.0/24 የሚሄደውን ትራፊክ በፋየርዎል በኩል ማዞር ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው የመልሱንም መንገድ በዳታቤዙ ሰብኔት ራውት ቴብል ላይ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ ሲንክ ፓኬቱ (ግንኙነት የሚከፍተው የመጀመሪያው ፓኬት) በፋየርዎሉ ያልፋል፣ መልሱ በሎካል መስመር በቀጥታ ይመለሳል፤ ፋየርዎሉ የንግግሩን ግማሽ ብቻ ስላየ ቀጣዩን ፓኬት ይጥለዋል። ሰብኔቶቹ በተለያዩ አቬይለቢሊቲ ዞኖች (በተለያዩ የዳታ ሴንተር ቦታዎች) ከሆኑና ፋየርዎሉ በየዞኑ ካለ፣ መሄጃውም መመለሻውም በአንዱ ፋየርዎል እንዲያልፍ ማድረግ ለብቻው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

«ኔትወርክ ኤሲኤል ካለ ሴኩሪቲ ግሩፕ ድርብ ሥራ ነው»

ከስድስቱ ሁሉ ጉዳቱ የሚበረታው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆያለን።

ሴኩሪቲ ግሩፕ ግንኙነትን ያስታውሳል። አንድ ጥያቄ እንዲገባ ከተፈቀደ መልሱ ሌላ ደንብ ሳያስፈልገው ይወጣል። ኔትወርክ ኤሲኤል ግን ምንም አያስታውስም፤ እያንዳንዱን ፓኬት እንደ አዲስ እንግዳ ነው የሚያየው። አንዱን ግንኙነት ከቅርብ እንየው። የአፕሊኬሽን ሰርቨሩ 10.0.11.25 ወደ ዳታቤዙ 10.0.21.40 ፖርት 5432 ሊገናኝ ነው። የሊኑክስ ከርነል ለመነሻ ፖርት 41822ን መረጠለት እንበል። ፓኬቱ በመጀመሪያ ከአፕሊኬሽን ሰብኔት ሲወጣ በዚያ ኤሲኤል የወጪ ደንቦች ይፈተሻል። ቀጥሎ ወደ ዳታቤዙ ሰብኔት ሲገባ በዚያኛው የገቢ ደንቦች ይፈተሻል። መልሱ መነሻው 5432፣ መድረሻው 41822 ሆኖ ሲመለስ ደግሞ በዳታቤዙ የወጪ፣ ከዚያም በአፕሊኬሽኑ የገቢ ደንቦች ያልፋል። አራት ፍተሻ ማለት ነው፤ አንዱ ቢጎድል ግንኙነቱ የለም። ደንቦቹም እነዚህ ናቸው፦

የአፕሊኬሽን ሰብኔት ወጪ፦ ወደ 10.0.21.0/24፣ ቲሲፒ 5432፣ ይፈቀድ።
የዳታቤዝ ሰብኔት ገቢ፦ ከ10.0.11.0/24፣ ቲሲፒ 5432፣ ይፈቀድ።
የዳታቤዝ ሰብኔት ወጪ፦ ወደ 10.0.11.0/24፣ ቲሲፒ ከ32768 እስከ 60999፣ ይፈቀድ።
የአፕሊኬሽን ሰብኔት ገቢ፦ ከ10.0.21.0/24፣ ቲሲፒ ከ32768 እስከ 60999፣ ይፈቀድ።

ጽሑፉ ለመልሱ ትራፊክ ከ49152 እስከ 65535 ክፈቱ ይላል። ይህ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ያሉ ዊንዶውሶች የሚጠቀሙበት ክልል ነው። ሊኑክስ ሌላ ነገር ካልተነገረው ከ32768 እስከ 60999 ካሉት 28232 ፖርቶች አንዱን ይመርጣል። ከእነዚህ ውስጥ 16384ቱ ከ49152 በታች ናቸው። በጽሑፉ ደንብ መሠረት የተሠራ ኤሲኤል እንግዲህ ከሊኑክስ ሰርቨር ከሚነሡ 100 ግንኙነቶች ወደ 58 የሚጠጉትን መልሳቸውን ይጥልባቸዋል፣ የቀሩትን ያሳልፋል። ምልክቱ አሳሳች ነው። ግንኙነቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ጊዜው ያልፍበታል፤ አፕሊኬሽኑ ደጋግሞ የሚሞክር ከሆነ ደግሞ ዳታቤዙ የዘገየ ይመስላል። ሰው ኢንዴክስ ሲፈትሽና ኩዌሪ ሲያስተካክል ሰንብቶ ኤሲኤሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው። የኛው 41822ም ከተጣሉት ወገን ነው።

«እንግዲያው ከ1024 እስከ 65535 ይከፈትና ይገላገል» የሚል ይኖራል። ናት ጌትዌይ (የሰርቨሮችን የውስጥ አድራሻ ቀይሮ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው) እና ሎድ ባላንሰር በዚህ ሰፊ ክልል ስለሚጠቀሙ በእነሱ መንገድ ላይ ላለ ሰብኔት ይህን ያህል መክፈት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ግን የተከፈተው ምን እንደሆነ ይታይ። የታወቁ አገልግሎቶች ፖርቶች፣ 3306፣ 3389፣ 5432፣ 6379፣ 8080፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው፤ የኩበርኔቲስ ኖድ ፖርቶችም፣ ከ30000 እስከ 32767 ያሉት፣ እንዲሁ። ኤሲኤል ንግግሩን ማን እንደጀመረ አያውቅም፣ የሲንክ ምልክትንም ለይቶ አያይም። ለመልስ ብላችሁ የከፈታችሁት በር ለአዲስ ጥያቄም ክፍት ነው። አጥቂ ዳታቤዙን ሰርቨር ቢይዝ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አፕሊኬሽኑ 8080 መግባት ይችላል፤ የሚያግደው ሴኩሪቲ ግሩፕ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ጽሑፉ አያስፈልግም ብሎናል።

ሌላም አለ። ኔትወርክ ኤሲኤል የሚያየው የሰብኔቱን ድንበር የሚሻገረውን ብቻ ነው። በ10.0.11.0/24 ውስጥ 20 ሰርቨሮች ካሉ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ከኤሲኤሉ እይታ ውጭ ነው። አንዱ ከተጠለፈ የቀሩት 19 ምንም ሳይከልላቸው ፊት ለፊት ይቆማሉ። እዚህ ላይ ስለ ነባሪው ሴኩሪቲ ግሩፕም ማስጠንቀቅ ይገባል። እሱ የራሱ አባላት እርስ በርስ በማንኛውም ፖርት እንዲገናኙ ይፈቅዳል። ሰርቨር ሲፈጠር ግሩፕ ካልተመረጠለት እዚያ ውስጥ ስለሚገባ፣ የነባሪውን ደንቦች ባዶ አድርጎ ማቆየት ጥሩ ልማድ ነው።

የደንብ ብዛትም አለ። ለአንድ ኤሲኤል በየአቅጣጫው የሚፈቀደው 20 ደንብ ነው፤ ጠይቆ እስከ 40 ማድረስ ይቻላል። አንድ ግንኙነት በየሰብኔቱ ቢያንስ አንድ ገቢና አንድ ወጪ ደንብ ስለሚበላ፣ አሥር አገልግሎት ያለው ሰብኔት ኮታውን ቶሎ ይጨርሳል። ሰዎች ያን ጊዜ ደንቦችን እያዋሃዱ ክልል ማስፋት ይጀምራሉ፤ ኤሲኤሉም ቀስ በቀስ ሁሉን የሚያሳልፍ ይሆናል። ሴኩሪቲ ግሩፕ በነባሪው ለእያንዳንዱ አቅጣጫ 60 ደንብ ይይዛል፣ በአንድ ኔትወርክ ኢንተርፌስ ላይም 5 ግሩፕ ይለጠፋል።

ይህን ሁሉ ስንል ኤሲኤል ይጣል ማለታችን አይደለም። ሴኩሪቲ ግሩፕ «ይከልከል» የሚል ደንብ የለውም፣ መፍቀድ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሙከራ ሰብኔቶች በምንም መንገድ ወደ ዋናው ዳታቤዝ እንዳይደርሱ ሲፈለግ፣ ወይም አንድ የአድራሻ ክልል በአስቸኳይ ሲዘጋ ኤሲኤል ቦታው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቁጥሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደንቦች ከትንሹ ቁጥር ተነሥተው ይታያሉ፣ የመጀመሪያው የተስማማው ይፈጸማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው አይነበብም። 100 ላይ ፈቃድ ካለ 200 ላይ የተጻፈ ክልከላ ለዚያ ትራፊክ እንዳልተጻፈ ነው። በቁጥሮቹ መሃል ክፍተት መተው የሚመከረው፣ በኋላ ክልከላን ከፈቃዱ በፊት ማስገባት እንዲቻል ነው።

ኤሲኤልን ጠበቅ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አይሲኤምፒን (ኔትወርኩ ስለ ችግር መልእክት የሚልክበትን ፕሮቶኮል) አይርሳ። ዓይነት 3 ኮድ 4 የሚባለው መልእክት «ፓኬቱ ለዚህ መንገድ ተልቋል፣ አሳንሰህ ላክ» የሚል ነው። በቪፒሲ ውስጥ የፓኬት መጠን እስከ 9001 ባይት ይደርሳል፣ በኢንተርኔት ጌትዌይ በኩል ግን 1500 ነው፤ በቪፒኤን ላይ ከዚያም ያንሳል። መልእክቱ በኤሲኤል ከታገደ ትንንሾቹ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ ትላልቆቹ ጠፍተው ይቀራሉ። ተጠቃሚው ይገባል፣ የይለፍ ቃሉም ይሠራል፣ ብዙ ረድፍ የሚመልስ ኩዌሪ ሲልክ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

«ደንቦቹን በሰብኔት አድራሻ መጻፍ ይበቃል»

«5432ን ከ10.0.11.0/24 ፍቀድ» ብሎ መጻፍ ይሠራል፤ የሚፈቅደው ግን ከታሰበው በላይ ነው። /24 ሰብኔት ኤደብሊውኤስ ለራሱ ከሚይዛቸው 5 አድራሻዎች በኋላ 251 አድራሻ አለው። አፕሊኬሽኑ ስድስት ሰርቨር ቢሆን የቀሩት 245 ባዶ አድራሻዎችም ወደ ዳታቤዙ የመግባት ፈቃድ አላቸው። ነገ አንድ ሰው ለሙከራ እዚያ ሰብኔት ውስጥ ማሽን ቢያስነሣ፣ ወይም ላምዳ ፈንክሽን (ያለ ራሱ ሰርቨር የሚሠራ ኮድ) ከሰብኔቱ ጋር ቢያያይዝ፣ ማንም ሳይፈቅድለት ፖስትግሬስ ደጅ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ የሚሻለው የሴኩሪቲ ግሩፑን ምንጭ ሌላ ሴኩሪቲ ግሩፕ ማድረግ ነው። ሦስት ግሩፕ ይፈጠራል፦ አንድ ለሎድ ባላንሰሩ፣ አንድ ለአፕሊኬሽኑ፣ አንድ ለዳታቤዙ። የአፕሊኬሽኑ ግሩፕ 8080ን ከሎድ ባላንሰሩ ግሩፕ ብቻ ይቀበላል። የዳታቤዙ ግሩፕ 5432ን ከአፕሊኬሽኑ ግሩፕ ብቻ ይቀበላል። አድራሻ የሚባል ነገር አይጻፍም። ሰርቨሮች በኦቶስኬሊንግ (እንደ ሥራው ብዛት በራሱ) ቢጨምሩ ቢቀንሱ፣ ሰብኔት ቢጨመር፣ ደንቡ አይነካም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለማሽኑ ሥራ እንጂ ለተቀመጠበት ቦታ አይደለም፤ የዚህ ምላሽ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ይህ አካሄድ የማይሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። የግሩፕ ምንጭ የሚለካው በኔትወርክ ኢንተርፌሱ የውስጥ አድራሻ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ሌላውን ሰርቨር በውጭ አድራሻው ከጠራው ደንቡ አይስማማም፤ ትራፊኩ በናት ወይም የምንጭ አድራሻ በሚቀይር ሌላ መሣሪያ ካለፈም እንደዚሁ። በነጥብ አንድ ላይ እንዳልነው በፋየርዎል በኩል የዞረ ትራፊክም ለብቻው መፈተሽ አለበት፤ እዚያ ላይ ወደ አድራሻ ደንብ መመለስ ግድ ሊል ይችላል። በአንድ ሪጅን (የክላውዱ አካባቢ) ውስጥ ፒር በተደረጉ፣ ማለትም በቀጥታ በተያያዙ፣ ቪፒሲዎች መካከል ግሩፕን መጥቀስ ይቻላል፣ ከሪጅን ሪጅን ግን አይቻልም። ፒሪንጉ ሲሰረዝ ደግሞ የተጠቀሰው ደንብ ዝም ብሎ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይቀመጣል፤ ለቅሞ ማጥፋት የባለቤቱ ሥራ ነው።

አድራሻ መጻፍ ግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለቢሮ ኔትወርክ፣ ፕሪፊክስ ሊስት (ስም የተሰጠው የአድራሻዎች ዝርዝር) መጠቀም ይሻላል፤ አንዴ ይስተካከላል፣ በሁሉም ግሩፕ ላይ ይለወጣል። ሒሳቡ ግን የሚታሰበው በተጻፈለት ከፍተኛ ቁጥር ነው። «እስከ 20 አድራሻ» ተብሎ የተፈጠረ ሊስት በውስጡ ሦስት ብቻ ቢኖሩም ከግሩፑ 60 ደንቦች 20ውን ይወስዳል።

«የሚወጣውን መገደብ ትርፉ ድካም ነው»

አዲስ ሴኩሪቲ ግሩፕ ሲፈጠር ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ የሚፈቅድ ደንብ ይዞ ነው። ጽሑፉ እንዳለ ተዉት ይላል። የተጠለፈ ሰርቨር ግን በመጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ መሣሪያ ያወርዳል፣ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ዳታ ይልካል፣ ጎረቤት ሰብኔቶችን ይዳስሳል።

ዳታቤዝ ላይ ድካሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሴኩሪቲ ግሩፕ መልሱን በራሱ ስለሚያሳልፍ፣ ድርጅቱ ራሱ የሚያስተዳድረው የፖስትግሬስ ሰርቨር የወጪ ደንቡ ባዶ ቢሆንም ለአፕሊኬሽኑ መመለሱን ይቀጥላል። ባካፑን ወደ ኤስ3 (የኤደብሊውኤስ የፋይል ማከማቻ) የሚልክ ከሆነ የጌትዌይ ኢንድፖይንት (ወደ ኤስ3 የሚወስድ የውስጥ መንገድ) ተሠርቶ 443 ወደ ኤስ3 ፕሪፊክስ ሊስት ብቻ ይፈቀዳል። ሬፕሊካ (የዳታቤዙ ቅጂ ሰርቨር) ካለው 5432 ወደ ራሱ ግሩፕ ይጨመራል። አበቃ። አፕሊኬሽኑ ላይ ሥራው ይበዛል፣ የሚጠራቸውን አገልግሎቶች መዘርዘር ይጠይቃልና፤ ከዳታቤዙ መጀመር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

በቴራፎርም (የክላውድ ሀብቶችን በኮድ በሚፈጥረው መሣሪያ) የሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ቴራፎርም ግሩፑን ሲፈጥር ያንን ነባሪ የወጪ ደንብ ያነሣዋል። በኮንሶል የተፈጠረው ሲሠራ በቴራፎርም የተፈጠረው «አልገናኝ» የሚልበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

የወጪ ደንብ የማይደርስባቸው በሮችም አሉ። ከቪፒሲው የዲኤንኤስ ሪዞልቨር (ስምን ወደ አድራሻ ከሚተረጉመው) ጋር የሚደረገውን ንግግር ኤሲኤልም ሴኩሪቲ ግሩፕም አያጣራውም። ወደ ኢንተርኔት ምንም መንገድ የሌለው ሰርቨር እንኳ በስም ጥያቄ ውስጥ ዳታ ቆራርጦ ማስወጣት ይችላል። ይህን የሚዘጋው በ2021 የወጣው የራውት 53 ሪዞልቨር ዲኤንኤስ ፋየርዎል ነው፤ የተፈቀዱ ስሞችን ዘርዝሮ ሌላውን መከልከል ይቻላል። ሰርቨሩ ስለ ራሱ መረጃና ጊዜያዊ ቁልፎችን የሚያገኝበት የሜታዳታ አድራሻ 169.254.169.254ም እንዲሁ በእነዚህ ደንቦች አይዘጋም። መድኃኒቱ ቶከን የሚጠይቀውን የሜታዳታ አገልግሎቱን (የአይኤምዲኤስን) ሁለተኛ ስሪት ማስገደድ ነው።

«አልገናኝ ካለ ለጊዜው ሁሉንም ከፍቶ መሞከር»

ይህን ምክር የሚከተል ሰው የዘጋ ይመስለዋል እንጂ ሁልጊዜ ወዲያው አይዘጋም። ሴኩሪቲ ግሩፕ ላይ አንድ ደንብ ሲሰረዝ፣ ግሩፑ እየተከታተላቸው ያሉ ግንኙነቶች እዚያው አይቆረጡም፤ አዲስ ግንኙነት ነው የሚከለከለው። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ የቲሲፒ ግንኙነት ብዙ የኢንስታንስ ዓይነቶች ላይ በነባሪው እስከ 432000 ሰከንድ፣ ማለትም እስከ 5 ቀን፣ በመዝገቡ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ነገር ለአሥር ደቂቃ ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ የገባ ሰው ደንቡ ከተሰረዘ በኋላም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ወዲያው መቁረጥ ሲያስፈልግ ኔትወርክ ኤሲኤል ላይ በትንሽ ቁጥር ክልከላ መጻፍ ነው፤ ትዝታ ስለሌለው እየሄደ ያለውንም ይቆርጣል። ከላይ ጉድለት ያልነው ባሕርይ እዚህ ይጠቅማል።

ደግሞም መክፈት የችግሩን ቦታ አያሳይም። የሚያሳየው እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የስሕተቱ ዓይነት ይታይ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ወዲያው ከመጣ ፓኬቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፤ በፖርቱ የሚያዳምጥ የለም፣ ወይም ፖስትግሬስ በ127.0.0.1 ብቻ እያዳመጠ ነው፣ ወይም የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል መልሶታል። የክላውዱን ደንቦች መነካካት አያስፈልግም። ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ አንድ ቦታ ላይ ፓኬቱ ተጥሏል፤ ያን ጊዜ ቪፒሲ ፍሎው ሎግ (ያለፉና የተጣሉ ግንኙነቶች መዝገብ) ይከፈታል።

የሎጉ አንድ መስመር ምንጭ አድራሻን፣ መድረሻ አድራሻን፣ ሁለቱን ፖርቶች፣ የፕሮቶኮል ቁጥርን (6 ቲሲፒ ነው) እና መጨረሻው ገደማ «አክሰፕት» ወይም «ሪጀክት» የሚለውን ይይዛል። በዳታቤዙ ኢንተርፌስ ላይ ሁለት መስመር ይፈለግ። ከ10.0.11.25 ፖርት 41822 ወደ 10.0.21.40 ፖርት 5432 «አክሰፕት»፣ ከ10.0.21.40 ፖርት 5432 ወደ 10.0.11.25 ፖርት 41822 «ሪጀክት» የሚሉ ከተገኙ ጥፋተኛው ታውቋል። ሴኩሪቲ ግሩፕ የተቀበለውን ጥያቄ መልስ ስለማያግድ የጣለው የዳታቤዙ ሰብኔት ኤሲኤል የወጪ ደንብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ራሱ «ሪጀክት» ከሆነ የዳታቤዙ ግሩፕ የገቢ ደንብ ወይም የሰብኔቱ ኤሲኤል ገቢ ይታያል። በዳታቤዙ በኩል ምንም መስመር ከሌለ ፓኬቱ ከአፕሊኬሽኑ ወገን አልወጣም፤ የአፕሊኬሽኑ ግሩፕ ወጪ፣ የሰብኔቱ ኤሲኤል ወጪና ራውት ቴብሉ ይፈተሹ። ሁለቱም መስመሮች እዚህ «አክሰፕት» ሆነው ግንኙነቱ ካልሠራ ደግሞ በአፕሊኬሽኑ ኢንተርፌስ ላይ ያለውን የመልስ መስመር ማየት ነው፤ አራተኛው ፍተሻ እዚያ ነው።

ፍሎው ሎግ መዝገቡን በነባሪው በ10 ደቂቃ ያጠቃልላል፤ ወደ 1 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ችግር እስኪመጣ ጠብቆ ማብራት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ያለፈውን አይመዘግብምና። ቢያንስ በዳታቤዙ ሰብኔት ላይ የተጣሉትን ብቻ የሚመዘግብ ሎግ ሁልጊዜ ይብራ። ፓኬት መላክ ሳያስፈልግ መንገዱን ከደንቦቹ ተነሥቶ የሚመረምረው ሪቻቢሊቲ አናላይዘርም አለ፤ የትኛው ደንብ እንደከለከለ በስሙ ይናገራል።

«በየትኛውም ክላውድ ላይ ያው ነው»

አይደለም፤ ልዩነቶቹም ሥራ የሚያቆሙ ናቸው።

በአዙር የሚሠራው ኔትወርክ ሴኩሪቲ ግሩፕ ይባላል። እንደ ሴኩሪቲ ግሩፕ ግንኙነት ያስታውሳል፣ እንደ ኤሲኤል ሰብኔት ላይም ይለጠፋል፣ «ይከልከል»ም ያውቃል። ሰብኔት ላይ ሲለጠፍ፣ ከኔትወርክ ኤሲኤል በተለየ፣ በአንዱ ሰብኔት ውስጥ ባሉ ሰርቨሮች መካከል ያለውንም ያጣራል። የራሱ ነባሪ ደንብ ደግሞ 65000 ላይ በቨርቹዋል ኔትወርኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይፈቅዳል። ያ «ቨርቹዋል ኔትወርክ» የሚለው መለያ ፒር የተደረጉትን ኔትወርኮችና በቪፒኤን የተያያዘውን የድርጅቱን ኔትወርክ ጭምር እንደሚያካትት ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሰብኔቶችን ለመለየት በ4096፣ ማለትም ሰው ሊጽፈው በሚችለው የመጨረሻ ቁጥር ላይ፣ ከቨርቹዋል ኔትወርክ የሚመጣውን መከልከልና ከዚያ በፊት የሚፈለጉትን አንድ በአንድ መፍቀድ ነው። ሁለት ነገር ይሰበራል። ክላስተር ያለበት ሰብኔት ከሆነ ለራሱ ሰብኔት ፈቃድ ካልተጻፈ አባሎቹ ይጠፋፋሉ። ክልከላው ላይ ምንጩ «ከየትም» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ከ168.63.129.16 የሚመጣው የሎድ ባላንሰሩ የጤና ፍተሻም አብሮ ይታገዳል፤ 65001 ላይ ያለው ፈቃዱ ተራው አይደርስምና። ሎድ ባላንሰሩ ሁሉንም ሰርቨሮች እንደሞቱ ይቆጥራቸዋል፣ ሰርቨሮቹ ግን በሰላም እየሠሩ ነው።

በጉግል ክላውድ የቪፒሲ ፋየርዎል ደንብ ሰብኔት ላይ አይለጠፍም። ደንቡ የኔትወርኩ ነው፤ የሚመለከታቸው ማሽኖች በታግ (በማሽኑ ላይ በሚለጠፍ ስም) ወይም በሰርቪስ አካውንት (ማሽኑ በሚሠራበት መለያ) ይለያሉ። ምንም ካልተጻፈ ገቢው የተከለከለ፣ ወጪው የተፈቀደ ነው። «ዲፎልት» የሚባለው ኔትወርክ ግን ከ10.128.0.0/9 የሚመጣውን ሁሉ የሚያስገባ ደንብ በ65534 ላይ ተጽፎለት ስለሚመጣ፣ ተጠቃሚዎች ለሚገለገሉበት ዋና ሥርዓት እሱን አለመጠቀም ይሻላል። ከታግና ከሰርቪስ አካውንት ደግሞ ሁለተኛው ይመረጥ። ማሽኑን የማስተካከል ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው ታግ ሊጨምርበትና ወደ ዳታቤዙ በር ሊከፍትለት ይችላል፤ ሰርቪስ አካውንት ለመቀየር ግን ማሽኑን ማቆምና በዚያ አካውንት የመጠቀም የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአንድ ደንብ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም። ሎድ ባላንሰር ካለ፣ ለብዙዎቹ ዓይነቶች፣ 35.191.0.0/16 እና 130.211.0.0/22 ለጤና ፍተሻ መፈቀድ አለባቸው።

አንድ ተጨማሪ፣ ከኤደብሊውኤስ ወደ ጉግል የሚሸጋገር አፕሊኬሽን ላይ ቶሎ የሚታይ። የጉግል ክላውድ ፋየርዎል ሥራ የፈታን የቲሲፒ ግንኙነት ከ10 ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል። ሊኑክስ ኪፕአላይቭ (ግንኙነቱ ሕያው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) በተጠየቀበት ሶኬት ላይ እንኳ የመጀመሪያውን ምልክት በነባሪው የሚልከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። በኮኔክሽን ፑል (ለመልሶ መጠቀም ክፍት ሆነው በሚቆዩ ግንኙነቶች ስብስብ) ውስጥ 15 ደቂቃ የተቀመጠ የዳታቤዝ ግንኙነት እንግዲህ በአፕሊኬሽኑ ዘንድ ሕያው ነው፣ በፋየርዎሉ ዘንድ ግን የለም። ሌሊት ማንም ሳይነካው አድሮ ጠዋት የመጀመሪያው ተጠቃሚ ኩዌሪ ሲልክ ይንጠለጠላል። ኪፕአላይቩን ከ600 ሰከንድ በታች፣ ለምሳሌ 300 ላይ፣ ማድረግ ወይም ፑሉ ከ10 ደቂቃ በፊት ሥራ ፈት ግንኙነቶችን እንዲዘጋ ማዘዝ ነው፤ ፋየርዎሉ ላይ የሚጨመር ደንብ የለም።